በረዶው ያለው ሚያዝያ ላይ፣ ውድድሩ የሚጠራው ጥቅምት ላይ

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል። ብርዱ ስለሚበረታ ሰው ሥጋ ቢጤ ቀምሶ ራሱን ያሙቅ ለማለት ነው። በዚሁ በጥቅምት አጋማሽ፣ አዲስ አበባ ላይ ሰዉ ጋቢ ደርቦ ሲወጣ፣ ኦስትሪያ ውስጥ ቲሮል በሚባለው ክልል ሶልደን የምትባል የተራራ መንደር ደግሞ በባንዲራና በደወል ትናወጣለች። ሕዝቡ ወደ ሬተንባክ ግግር በረዶ ይጎርፋል። የዓለም ዋንጫ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር የሚከፈተው እዚያ ነው። መንደሯ ውድድሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተናገደችው በ1993 ሲሆን ከ2000 ወዲህ የመክፈቻው ቤት እሷ ሆናለች። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።)

በቴሌቪዥን ለሚያየው ሰው አገሩ በሙሉ ነጭ ይመስላል። ካሜራው ትንሽ ዘወር ሲል ግን ጉዱ ይወጣል። ተወዳዳሪው ከሚንሸራተትበት ነጭ መስመር ግራና ቀኝ ያለው ብዙ ጊዜ ድንጋይና ጥቁር አፈር ነው። ወደ ታች ሸለቆው ገና አረንጓዴ ነው። ነጩ መስመር አንድ የተዘረጋ ነጠላ ይመስላል እንጂ ተራራው በረዶ ለበሰ አያሰኝም።

ውድድሩ የሚጀመርበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 3040 ሜትር ግድም ነው። እንጦጦ ጫፍ ከዚያ ይበልጣል። ታዲያ እንጦጦ ላይ ለምን በረዶ የለም የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው፤ ምድር ወገብ ቅርብ ነው። ራስ ዳሸንም ከ4500 ሜትር በላይ ቆሞ የሚጥልበት በረዶ ብዙ አይቆይለትም። አልፕስ ግን የሰሜን አገር ተራራ ነው፤ በረዶው የሚታመን ነበር። አሁን ጥቅምት ላይ እሱም እንጦጦ እንጦጦ ማለት ጀምሯል።

ጭቅጭቁ የመጣውም በዚህ ነው። የበረዶ ሸርተቴ ሲዝን ይርዘም የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። የመዝናኛ ቦታ ባለቤቱ ይፈልገዋል፣ ፌዴሬሽኑ ይፈልገዋል፣ የስፖርቱ ፍቅር ያለበት ሰውማ አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ቢሆን ደስታው ነው። ሲዝን ግን እንደ ገመድ ሁለት ጫፍ አለው። በአንደኛው ጫፍ ቢሳብ መስከረምና ጥቅምትን ይነካል፤ በሌላው ጫፍ ቢሳብ ሚያዝያና ግንቦት ይደርሳል። (እነሱ ክረምት የሚሉት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለውን፣ የሐበሻን በጋ ነው። ክረምትና ጸደይ እያሉ አንባቢን ከማደናገር ወሩን በስሙ መጥራት ይሻላል።) በየትኛው ጫፍ ይሳብ? ገንዘቡ የሚስበው በጥቅምት በኩል ነው። በረዶው ያለው ደግሞ በሚያዝያ በኩል ነው።

ይህ የሚገርም ነገር አይደለም፣ ትንሽ ቢያስቡት። በረዶ እንደ ባንክ ቁጠባ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ይጠራቀማል፤ ጥርና የካቲት ላይ ይከመራል፤ በረጃጅሞቹ ተራሮች ላይ ክምሩ ትልቅ የሚሆነው መጋቢት ማብቂያና ሚያዝያ ላይ ነው። ጥቅምት ላይ ያለው ሒሳብ ባዶ ነው። ያለው ያለፈው ዓመት አሮጌ ግግር በረዶ ብቻ ነው። እሱም በበጋው ሙቀት ተልጦ፣ ደርቆና ተሰነጣጥቆ።

የኮሎራዶውን አራፓሆ ቤዚን ማየት ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከዴንቨር ከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ጫፉ ወደ 4000 ሜትር ይጠጋል። እዚያ አካባቢ ያሉት የሸርተቴ ቦታዎች በየዓመቱ «ማን ቀድሞ ይከፍታል» እያሉ ይሽቀዳደማሉ፤ አራፓሆ ቤዚንም ብዙ ጊዜ ጥቅምት ላይ ከቀደሙት አንዱ ነው። የሚከፈተው ግን ምኑ ነው? አንድ ቀጭን መስመር። ሌሊት በመድፍ መሳይ ማሽን ውኃና የታመቀ አየር እየተረጨ የተሠራ፣ ጠንካራ፣ ጠባብ መንገድ። እዚያች ላይ ጀማሪውም፣ ጎበዙም፣ ሰባት ወር ሙሉ ሲናፍቅ የከረመውም ሁሉ ይታጨቅባታል። መርካቶ በበዓል ዋዜማ በሉት። ተጋጭቶ የሚወድቀው ቀላል አይደለም።

ያው ተራራ ግንቦት ላይ ሲታይ ደግሞ ሌላ ነው። በረዶው ሰፊ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጠንከር ብሎ ቀትር ላይ ይለሰልሳል፤ ለጉልበትም ይመቻል። ሰው ግን የለም። ቦታው ብዙ ጊዜ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ይሠራል፤ በረዶ በበዛበት ዓመትም ከዚያ ያልፋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለው ማሞዝ ተራራ በ2023 በረዶ ከልክ በላይ ጥሎለት እስከ ነሐሴ 6 ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ ማብቂያ ድረስ፣ ሰው ሲያንሸራትት ነበር። ቲሸርት ለብሰው።

ታዲያ ሌሎቹ ለምን መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይዘጋሉ? በረዶ አልቆባቸው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ደንበኛ አልቆባቸው ነው። ከተማው ሞቅ ሲል፣ አበባው ሲፈካ፣ ሰዉ ብስክሌቱን ያወጣል፣ ወደ ባሕር ዳርቻ ይሄዳል፣ ኳስ ያያል። ተራራው ላይ ገና ሁለትና ሦስት ሜትር በረዶ ተኝቶ ሊፍቱ ይቆማል። በተቃራኒው ጥቅምት ላይ ሰዉ ናፍቆት ይዞታል። ኪሱንም ለመፍታት ዝግጁ ነው። የሸርተቴ ዕቃ አምራቾች አዲሱን ሞዴል ለገና ገበያ ማሳየት አለባቸው፤ የቴሌቪዥን ጣቢያውም፣ ባለሆቴሉም የሲዝኑን ፉጨት ቀድሞ መንፋት ይፈልጋል። ጥቅምት እንግዲህ የነጋዴ ወር ነው። በሌላ ሸቀጥ ቢሆን ምንም ችግር አልነበረውም።

ችግሩ የታየው ዜርማት ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽን (ፊስ) በ2021 አዲስ ፕሬዚዳንት መረጠ፤ ዮሃን ኤልያሽ ይባላሉ፣ ትልቅ ነጋዴ ናቸው። በእሳቸው ዘመን ካሌንደሩ ላይ አንድ የሚያጓጓ ውድድር ገባ። ማተርሆርን የሚባለው ታዋቂ ተራራ ሥር፣ ከ3700 ሜትር አካባቢ ስዊዘርላንድ ውስጥ ተነስቶ ጣሊያን ውስጥ የሚጨርስ የቁልቁለት ውድድር። ከአንድ አገር ተነስቶ ሌላ አገር የሚጨርስ የዓለም ዋንጫ የቁልቁለት ውድድር ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። በወረቀት ላይ ሲታይ የሚያምር ነገር ነው፣ ማንም አይክድም።

በ2022 ቀኑ ተቆረጠ፤ ወንዶቹ በጥቅምት ማብቂያ፣ ሴቶቹ በኅዳር መጀመሪያ በፈረንጆቹ። አራት ውድድር። አራቱም ተሰረዘ። ከላይ በረዶ አለ፣ ከታች በጣሊያን በኩል ግን አልበቃም። በ2023 ሁለት ሳምንት ገፋ ተደርጎ እንደገና ተሞከረ። አሁን ደግሞ በረዶው ከመጠን በላይ ጣለ፣ ነፋሱም አላስቆም አለ። እንደገና አራት ውድድር፣ እንደገና አራቱም ተሰረዘ። በሁለት ዓመት ስምንት ውድድር ተጠርቶ አንድም ሰው አልተወዳደረም። በቀጣዩ ካሌንደር ላይ ውድድሩ አልነበረም።

መሰረዙ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ዕድል ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን በ2023 ጥቅምት ላይ አንድ ፎቶግራፍ ወጣ። ኤክስካቫተር ግግር በረዶው ላይ ቆሞ ይቆፍራል። ለመንገድ ሥራ የሚታወቀው ያው ቢጫ ማሽን፣ ቴዎዱል የተባለውን ግግር በረዶ እየፈነቀለ ስንጥቁን ይደፍናል፣ ሜዳ ያስተካክላል። አዘጋጆቹ «ለደኅንነት ነው፣ በየዓመቱ የሚሠራ ነው» አሉ። የቫሌ ክልል ባለሥልጣናት ግን ከተፈቀደው ክልል ውጪ ያለው ሥራ እንዲቆም አዘዙ። ይህ ሁሉ የሆነው የስዊዘርላንድ ግግር በረዶዎች በ2022 እና በ2023 ብቻ ከመጠናቸው 10 በመቶውን ባጡበት ሰዓት ነው። አሥር በመቶ በሁለት ዓመት! ሰው የታመመ በሬውን አርሶ አያርስም፤ እነዚህ ግን ጠመዱት።

ስፖርተኞቹ ራሳቸው ዝም አላሉም። በ2023 የካቲት፣ ፈረንሳይ ውስጥ ኩርሼቬልና ሜሪቤል ላይ የዓለም ሻምፒዮና ሲካሄድ፣ ኦስትሪያዊው የቁልቁለት ተወዳዳሪ ዩሊያን ሹተር ከመቶ በላይ ስፖርተኞች የፈረሙበትን ደብዳቤ ለፊስ ይዞ ቀረበ። ከፈራሚዎቹ መካከል አሜሪካዊቷ ሚካኤላ ሺፍሪንና ኖርዌጂያዊው አሌክሳንደር ኦሞት ኪልደ ይገኙበታል። ከሺፍሪን በላይ የዓለም ዋንጫ ውድድር ያሸነፈ ሰው በስፖርቱ ታሪክ ስለሌለ «ተሸናፊዎች አማረሩ» ማለት አይቻልም። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ግልጽ ነው፦ የውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ከጥቅምት ማብቂያ ወደ ኅዳር ማብቂያ ይገፋ፣ መጨረሻው ከመጋቢት አጋማሽ ወደ ሚያዝያ ማብቂያ ይሂድ (እንደ ፈረንጆቹ ወር)። ልብ በሉ፤ ሲዝኑ ይጠር አላሉም። ቦታውን ይቀይር ነው ያሉት።

ይህን ጥያቄ ተራ የአካባቢ ጥበቃ መፈክር አድርጎ ማየት ስህተት ነው። የስፖርት ጥያቄም ነው። ጥቅምት ላይ ለመወዳደር ነሐሴና መስከረም ላይ በረዶ ላይ መለማመድ ግድ ነው። በረዶ ደግሞ በዚያ ወቅት አውሮፓ ውስጥ እየጠፋ ነው። በ2022 በጋቸው ዜርማት ሳይቀር፣ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነኝ እያለ የሚኮራው ቦታ፣ ሙቀቱ ሲበረታ የበጋ ሸርተቴውን ለማቋረጥ ተገዷል። ስለዚህ ትልልቆቹ ቡድኖች ምን ያደርጋሉ? ሻንጣቸውን ሸክፈው ቺሊና አርጀንቲና፣ ኒውዚላንድ ይሄዳሉ። አሠልጣኙ፣ ሐኪሙ፣ የሸርተቴ ጠጋኙ፣ አንዱ ተወዳዳሪ የሚይዘው ብዙ ጥንድ ሸርተቴ፣ ሁሉም በአውሮፕላን። ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ይችሉታል። ሌላውስ?

ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ያላት ታሪክ አንድ ሰው ነው፤ ሮቤል ተክለማርያም። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል በ2006 ቱሪን ላይ ባንዲራዋን ይዞ ሲገባ ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ስትታይ የመጀመሪያዋ ነበር። በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ሸርተቴ 83ኛ ወጣ። በ2010 ቫንኩቨርም ተመልሶ ተወዳደረ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሆን በረዶ የት ያገኛል? ጎማ ያለው ሸርተቴ እግሩ ላይ አስሮ አስፋልት ላይ ነው የተለማመደው። ያየው ሁሉ ምን ዓይነት ሰው ነው እያለ ዞሮ ዞሮ ያይ ነበር ቢባል አይገርምም። እንዲህ ላለው ስፖርተኛ ሲዝኑ ወደ ጥቅምት በተሳበ ቁጥር በሩ እየጠበበ ይሄዳል፤ በረዶ ያለው ሌላ አህጉር ነው፣ ትኬቱ ደግሞ የራሱ ነው። ሚያዝያ ላይ ግን በረዶው ለሁሉም እኩል ተዘርግቶ ይገኛል፤ የዋጋው ነገርም በዚያን ጊዜ ይቀንሳል፣ ሆቴሉ ባዶ ነዋ።

«ቴክኖሎጂው የት ሄዶ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ብዙ ተሠርቷል። የቤጂንግ ኦሊምፒክ በ2022 የተካሄደው ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ በሆነ በረዶ ላይ ነው። የበረዶ መድፉ ግን ያለ ብርድ አይሠራም፤ አየሩ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ አካባቢ ካልወረደ፣ እርጥበቱም ካልቀነሰ፣ የሚረጨው ውኃ ውኃ ሆኖ ይቀራል። ጥቅምት ላይ እንዲህ ያለ ሌሊት መጠበቅ ሎተሪ ነው።

ሌላው ዘዴ በጣም ቀላልና የሚያስቅ ነው። ስዊዘርላንድ ዳቮስ ላይ ጥርና የካቲት የተሠራውን በረዶ ይከምሩና ሰጋቱራ ያለብሱታል። አዎ፣ አናጢ ቤት የሚጠረገው ሰጋቱራ፣ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት። በጋው ሁሉ አልፎበት አብዛኛው ይተርፋል። ጥቅምት ላይ ሰጋቱራውን ገፈው፣ በረዶውን በመኪና ጭነው፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር የአገር አቋራጭ መስመር ያነጥፋሉ። ፊንላንድ ውስጥም እንዲሁ ይደረጋል። ለአገር አቋራጭ ሸርተቴ ይህ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ በየአህጉሩ ከመብረር በብዙ ይሻላል፤ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ለቁልቁለት ውድድር ግን አይሆንም። ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ተወዳዳሪው በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚወርድበት ገደል በሰጋቱራ በቆየ በረዶ አይሸፈንም። ዱባይ ውስጥ ብዙ ሐበሻ የሚያውቀው፣ በ2005 የተከፈተው የገበያ አዳራሽ በረዶ ቤትም አለ፤ ርዝመቱ 400 ሜትር ነው። ለልጆች መጫወቻ መልካም ነው።

የሶልደን ሰዎች የሚሉትም መሰማት አለበት። መንደሩ ያለው ጥቅምት ላይ ሌላ ገቢ በሌለበት ሰዓት ነው። ውድድሩ ሲመጣ አልጋው ይሞላል፣ ምግብ ቤቱ ይከፈታል፣ የሊፍት ሠራተኛው ከአንድ ወር በፊት ደመወዝ ይጀምራል። ለሠራተኛው ይህ ቀልድ አይደለም። ሸርተቴ ቦታ ላይ የሚሠራው አብዛኛው ሰው የሲዝን ሠራተኛ ነው፤ ሊፍቱ ሲቆም እንጀራውም ይቆማል። ደግሞም ሬተንባክ ላይ ውድድሩ ብዙውን ጊዜ ተካሂዷል፤ እንደ ዜርማት ሁሌም አልተሰረዘም። ይህ ትክክል ነው። ሆኖም በ2022 የሴቶቹ ውድድር በአየሩ ምክንያት ቀረ፤ በ2023 የወንዶቹ ተጀምሮ በነፋስ መሀል ላይ ተቋረጠ። የሠራተኛው ነገር ከሆነ ደግሞ ሚያዝያ ላይ አንድ ወር ቢጨመርለት ያው ደመወዝ ነው፤ ለዚያውም በረዶ ይኖር ይሆን እያለ ሰማይ ሰማይ ሳያይ።

የቴሌቪዥን ተመልካች ሚያዝያ ላይ ይጠፋል የሚለው ክርክር ነው ጠንካራው። ኳሱ በዚያን ጊዜ የሚሞቅበት ነው፤ ሻምፒዮንስ ሊጉ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ነው፤ አውሮፓዊው ሙቀት ሲነካው ተራራ ማየት ያስጠላዋል። ሊሆን ይችላል። ግን ጥቅምት ላይ የተሰረዘ ውድድር ስንት ተመልካች አለው? ስምንት ጊዜ ዜሮ ዜሮ ነው።

ካሌንደርን ከአየር ጋር ማጋጨት ምን እንደሚያመጣ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ወዳጅ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። በ2019 የዓለም ሻምፒዮና ዶሃ ላይ ሲካሄድ፣ ሙቀቱን ለመሸሽ ውድድሩ ወደ መስከረም ማብቂያ ተገፋ። አልበቃም። የሴቶች ማራቶን እኩለ ሌሊት ላይ ተጀመረ። እሱም አልበቃም። ከ68 ሯጮች 28ቱ አልጨረሱም፤ ሦስቱም የኢትዮጵያ ሴቶች አቋርጠው ወጡ። ሌሊሳ ዴሲሳ በሳምንቱ በወንዶች ወርቅ ባያመጣ ኖሮ የዶሃ ማራቶን ለሐበሻ የሚታወሰው በአልጋ በተሸከሙ ሯጮች ብቻ ነበር። የዓለም አትሌቲክስ ሰዎች ተምረውበታል፤ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሳፖሮ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ኃያሉ ኦሊምፒክ ማራቶኑን ከአስተናጋጇ ከተማ 800 ኪሎ ሜትር ማራቅ ከቻለ፣ ፊስ አንድ ውድድር በአምስት ሳምንት መግፋት እንዴት ያቅተዋል?

አለማድረጉ የት እንደሚያደርስ ለማየትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ወይም ያስፈልጋል፣ ቦሊቪያ ነው። ቻካልታያ ከ5300 ሜትር በላይ የነበረ የሸርተቴ ቦታ ነው፤ በከፍታ ከዓለም አንደኛ ይባል ነበር። እንደ ኢትዮጵያ በሞቃቱ የምድር ክፍል ያለ ተራራ ነው፤ በረዶው የሚኖረው በግግሩ ላይ ብቻ ነበር። ግግሩ በ2009 ሙሉ በሙሉ ቀልጦ አለቀ። ቤቱ ቆሟል፤ ሸርተቴው የለም። እዚያ ሲዝኑ በየትኛው ጫፍ ይርዘም ብሎ የሚከራከር ዛሬ አንድም ሰው የለም።

ለጊዜው አልፕስ ላይ ገና የሚከራከሩበት በረዶ አለ። ለሶልደን ኅዳር ማብቂያ ላይ ቀን ይሰጣት፤ መክፈቻነቷም አይወሰድባት፣ ከ2000 ጀምሮ ሠርታበታለች። በካሌንደሩ ላይ የሚጎድለው ጥቅምት በሚያዝያ ሁለት ሳምንት ይተካ፤ ያውም ከፍ ባሉት ቦታዎች፣ ጠዋት በረዶው ሳይለሰልስ። ኤክስካቫተሮቹ ደግሞ ወደ መንገድ ሥራቸው ይመለሱ። ስፖርተኞቹ ደብዳቤውን ካስገቡ ዓመታት አልፈዋል፤ በ2024ም በ2025ም ግን መክፈቻው እዚያው ሶልደን፣ እዚያው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነበር።